ያልተሳፈርኩበት አውቶብስ

ውድ እትዬ ዩንሩ፣

አባዬ በሕይወት አለ፤ ፖስታውን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ስለሱ ወደ መጨረሻው እጽፍልሻለሁ። ይህን በስልክ ልልክልሽ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቴም አጠፋሁት። በስልክ ብልከው ማንበብ አለማንበብሽን ሳይ፣ አንብበሽም ዝም ስትዪኝ ሳይ መዋሌ ነው። ወረቀት ይሻላል። ጎረቤታችን አክስት ጂንቺ ወደ ከተማ ስትወርድ ፖስታ ቤት ታደርስልኛለች። ምን እንደጻፍኩ አታውቅም። "ለእህትሽ ነው? እንኳን ጻፍሽላት" ብላ ደስ አላት።

የምነግርሽ ነገር አንድ ነው። ግን ከሩቅ ካልተነሳሁ አልደርስበትም፤ ታገሺኝ።

አባዬ ከታመመ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። አንቺ ታይጁንግ ከተማ አንድ መነጽር መደብር ውስጥ ትሠሪ ነበር። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ለሁለት ሳምንት ብለሽ መጣሽ፤ በዚያው ቀረሽ። እኔ ያኔ ትምህርቴን አልጨረስኩም ነበር። ልታስታምመው ከኢንዶኔዥያ የመጣችውን ረዳት ሴትዮ አባዬ ምግቡን ፊቷ ላይ እየተፋ በሁለት ሳምንት አባረራት። ከዚያ ወዲህ እሱን መያዝ ትፈልጊ እንደሆነ ማንም ጠይቆሽ አያውቅም። እማዬ ስትሞት አንቺ አሥራ ሁለት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ያኔም የጠየቀሽ የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ጸጉሬን ስትሠሪልኝ ነው የማስታውሰው።

ጠዋት ጠዋት አባዬን አጥበሽና አብልተሽ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የሚበላውን የባሕር ዛጎል ልትፈለፍዪ ትቀመጫለሽ። ያችን አጭር ቢላ ይዘሽ፣ ክምሩ ከፊትሽ፣ አንድ ጆሮሽ ላይ የስልክ ማዳመጫ ሰክተሽ። እንግሊዝኛ ነበር የምትማሪው። ሰውየው ይላል፣ አንቺ ትደግሚያለሽ። "ይቅርታ፣ ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ?" "ይቅርታ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው መንገድ የቱ ነው?"

አክስት ጂንቺ አታስቀምጥሽም። "ዩንሩ፣ እንግሊዝኛውን ለዛጎሉ ነው እንዴ የምታስተምሪው? እሱ እንደሆነ ቢላ ካልገባበት አፉን አይከፍት።"

"ከአንቺ ይሻላል አክስቴ። እሱ ቢከፍትም ነገር አይወጣው።"

ሴቶቹ ቢላቸውን ጥለው ይስቃሉ። ያኔ እንደዚያ ነበርሽ።

የቪዛውን ነገር ከየት እንደሰማሽው አላውቅም። እኔ ያወቅኩት ካንቺ ነው። ወጣቶች አንድ ዓመት አውስትራሊያ እየሠሩ አገር የሚያዩበት ቪዛ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይሞላ ማመልከት ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። አንቺ ሃያ ዘጠኝ፣ እኔ ሃያ ስድስት ነበርን። እራት በልተን አባዬን ትራስ አስደግፈነው ተቀምጠናል።

"አንቺ ቅደሚ" አልሽኝ።

"ለምን? ዕድሜው የሚያልቅብሽ አንቺ ነሽ።"

"አንቺ ከቀረሽ ዓመቱን ሙሉ ስትነጫነጪ አባዬንም ታሳብጂዋለሽ። እኔ መጠበቅ አውቃለሁ።"

"አንድ ዓመት ብቻ ነው እኮ።"

"አንድ ዓመት። ከዚያ መጥተሽ አባዬን ትረከቢኛለሽ።" ወደሱ ዞረሽ፣ "ሰማህ አባዬ? ተፈላጊ ሰው ሆነሃል፤ በተራ ነው የምንይዝህ" አልሽው። በደህናው የፊቱ በኩል ፈገግ አለ።

እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ ጠየቅኩሽ። "ምንም ይሁን። ፍሬም ልልቀም፣ ሰሃንም ልጠብ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ማንም የማያውቅበት ቦታ አንድ ዓመት መኖር ነው የምፈልገው። ገበያ ስወጣ 'አባትሽ እንዴት አደሩ' የሚለኝ ሰው የሌለበት።" ይህን ስትዪ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነበር፤ እሱ እንዳይሰማ።

በመጋቢት ሄድኩ።

የገባሁባት ከተማ ታሊ የሙዝ አገር ናት። ዝናቡ አያባራም። በመጋዘኑ ውስጥ ሙዙ በዘለላ በዘለላ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ እኛ ቆርጠን ገንዳ ውስጥ እንጨምረዋለን፣ አጥበን እንለየዋለን፣ ካርቶን ውስጥ እንደረድረዋለን። የሙዙ ሙጫ ልብስ ላይ ከነካ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ያለኝ ልብስ ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ጠቆረ። በደወልሽልኝ ቁጥር ይህን ይህን ነበር የምነግርሽ። ወገቤን፣ ዝናቡን፣ ከዘለላው ውስጥ የሚወጣውን ሸረሪት። "አይዞሽ፣ አንድ ዓመት ምን አላት" ትዪኝ ነበር።

ያልነገርኩሽ ደስ ብሎኝ እንደነበረ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስድስት ሴቶች ሆነን አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተን ነበር። እሑድ እሑድ ፏፏቴው ሥር ሄደን እንዋኛለን፣ ትኩስ ድንች ጥብስ ገዝተን ሣር ላይ ተጋድመን እንበላለን። ስሜን ማለት ስላልቻሉ "ጄን" ይሉኝ ነበር። ጄን አባት አልነበራትም፤ እህትም አልነበራትም። ማንም አይጠይቃትም። ያንቺን ምኞት እኔ ኖርኩት እትዬ፤ ለራስሽ ያሰብሽው ኑሮ ቃል በቃል ያ ነበር። ይህንን ደብቄ ወገቤን አመመኝ እልሽ ነበር፤ አንቺም ከዚያው ሆነሽ የወገብ ፕላስተር ላክሽልኝ።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ሁለተኛ ዓመት መቆየት እንደሚፈቀድልኝ አወቅኩ፤ በእርሻ ሥራ ሦስት ወር የሠራ ሰው ይፈቀድለታል። ደወልኩልሽ። በስልኩ ውስጥ የቢላሽ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፣ ጫ፣ ጫ። ስነግርሽ ቆመ።

"እስከ መቼ?"

"ስድስት ወር ብቻ። ትንሽ ልጠራቅምና።"

ቢላው እንደገና ጀመረ። "እሺ። እኔም መስከረም ላይ ነው ሠላሳ አንድ የሚሞላኝ። ከዚያ በፊት ካመለከትኩ ለመግባት አሥራ ሁለት ወር ይሰጣሉ። እንደርሳለን" አልሽ። ነገሩን ሁሉ አጥንተሽው ነበር። ከእኔ በላይ ታውቂው ነበር።

ቪዛው ለሚጠይቀው የሳንባ ራጅ ሆስፒታል የሄድሽ ቀን ሰማያዊውን ሸሚዝሽን ለብሰሽ ፎቶ ላክሽልኝ። "ለራጅ የሚዘንጥ ሰው አይቼ አላውቅም" ብዬ ቀለድኩብሽ። "ውስጤን ሊያዩት አይደል፣ ውጪውም ይመር" አልሽኝ። ቪዛው በኦገስት 28 ወጣልሽ። የመግቢያው የመጨረሻ ቀን በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 28 ሆነ።

ስድስቱ ወር ዓመት ሞላ። የእርሻ ሥራው ሦስተኛ ዓመትም አስፈቀደልኝ፤ ያኔ "እስከ ሐምሌ ብቻ" አልኩሽ። አንቺ ያኔ እንኳ ክፉ ቃል አልተናገርሽኝም። "ቲኬትሽን ቁረጪና ቀኑን ንገሪኝ" ብቻ አልሽ። ቆረጥኩ፤ ኦገስት 9። ለአንቺ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይተርፍሻል። ሻንጣ ገዛሽ። የዛጎሉ ቤት ሴቶች የስንብት ምሳ አደረጉልሽ። አክስት ጂንቺ "ስትመለሺ ፈረንጅ ባል ይዘሽ ካልመጣሽ በሩን አልከፍትልሽም" ስትልሽ፣ አንቺም "ለራስሽ ከሆነ ፎቶሽን ስጪኝ" ስትያት የተቀረጸውን ቪዲዮ ላክሽልኝ። እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። አላየውም፤ ግን አላጠፋሁትም።

አሁን ወደ ነገሩ ደረስኩ።

በኦገስት 8፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሻንጣዬን ይዤ ታሊ ዋናው መንገድ ላይ አውቶብስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወደ ኬርንስ፣ ከኬርንስ በአውሮፕላን። አውቶብሱ መጣ። ግማሹ ባዶ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ የሻንጣውን ማስቀመጫ ከፈተ።

"ትሳፈሪያለሽ?"

"ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኩት።

"ዛሬ ሌላ የለም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ትከሻውን ሰብቆ ዘጋውና ሄደ። አልታመምኩም፣ አልዘገየሁም፣ ቲኬቴም አልጠፋም። ተቀምጬ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ፤ በፋሻ የተጠቀለለ እጅ። "ማሽን ያዘኝ፣ ሐኪሙ መብረር ከልክሎኛል" ብዬ የጻፍኩበት። ያ እጅ የሄጁ ነው። ሄጁ አብራን የምትኖር ኮሪያዊት ናት። በዚያ ሳምንት የካርቶን መግፊያው ይዟት ነበር።

"እጄን ለምን ታነሺዋለሽ?" አለችኝ።

"ለእህቴ ልልክላት።"

"እህትሽ ታውቀኛለች እንዴ?"

ፎቶውን ላክሁት። አንቺ የመለስሽልኝ ሁለት ቃል ነው። "እጅሽን አስታሚ።"

ኦገስት 28 የዋለው ረቡዕ ቀን ነበር። የዚያን ቀን ሙዝ ስለይ ዋልኩ። ምን ስትሠሪ እንደዋልሽ እስካሁን አልጠየቅኩሽም፤ ልጠይቅሽም አልችልም።

ከዚያ በኋላ ጥሪዬን ማንሳት አቆምሽ። ታኅሣሥ ላይ አክስት ጂንቺ ደወለችልኝ።

"ነይ" አለችኝ።

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ምንም ስላልሆነች ነው የምደውልልሽ። እዚያ ጆሮዋ ላይ የምትሰካውን ነገር ትታዋለች። ስቀልድባት አትመልስልኝም። እኔ ስድብ ለምጃለሁ ልጄ፣ ዝምታ አልችልም።"

ጥር ላይ መጣሁ። በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። አልተቆጣሽም፣ አላቀፍሽኝም። ቀኝ እጄን ይዘሽ መዳፌን ገለበጥሽው። ከዚያ ግራዬን። ልጅ ሆኜ ቢላ የቆረጠኝን አውራ ጣቴን በጣትሽ ዳሰስሽው። ሌላ ምልክት እንደሌለ ሁለታችንም አየን።

"ደህና አድርጎ ድኗል" አልሽና እጄን መልሰሽ አስቀመጥሽው። "ነይ፣ አባዬን ላሳይሽ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ታውቂ ነበር። ፎቶውን ከላክሁበት ደቂቃ ጀምሮ ታውቂ ነበር፤ እጄን ካንቺ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? እያወቅሽ ነው "አስታሚ" ያልሽኝ።

ዘጠኝ ቀን አስተማርሽኝ። "ቀጭን ውሃ ያንቀዋል፤ ውሃውን እንኳ አወፍሪው።" "ስትገለብጪው በጉልበትሽ እንጂ በወገብሽ አይደለም።" "ሲቆጣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ፤ ሲያለቅስ ክፈቺ።" ለአዲስ ሠራተኛ እንደሚያስረክብ ሰው ነበርሽ፤ ሥራሽን በደንብ የምታውቂ፣ ከእኔ ጋር ምንም የሌለሽ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ያን ለአውስትራሊያ የገዛሽውን ሻንጣ ሳይሆን የድሮውን የጨርቅ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ። ቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት አውቶብስ ስትጠብቂ ተከተልኩሽ።

"መቼ ትመለሻለሽ?"

"አላውቅም" አልሽኝ። ከዚያ አይተሽኝ፣ "አንቺም አታውቂም ነበር" አልሽ።

በዚህ ሁሉ ከአፍሽ የወጣ ክፉ ቃል ያ ብቻ ነው፤ እሱም እውነት ነው።

አምና ጥቅምት ፋብሪካ እስከምትሠሪበት ሺንጁ ድረስ የመጣሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባዬን ለአንድ ቀን ለአክስት ጂንቺ ትቼ በባቡር መጣሁ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ፈረቃ ሲለወጥ ጠበቅኩሽ። ጸጉርሽን አሳጥረሽዋል። መጀመሪያ አላወቅኩሽም፤ በፊቴ ካለፍሽ በኋላ በአረማመድሽ ነው የለየሁሽ። ስጠራሽ ዞረሽ፣ "አባዬ ሞተ?" አልሽኝ። "አይ" ስልሽ፣ "እንግዲያው ምሳ እንብላ" አልሽ።

እዚያች ኑድል ቤት ውስጥ ወረቀቶቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁልሽ።

"ካናዳ እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ይቀበላል" አልኩሽ። "በዕጣ ነው፤ ግን ይደርሳል። ሞልቼልሻለሁ፣ ያንቺ ማረጋገጫ ብቻ ነው የቀረው። አባዬን እኔ ይዤዋለሁ። አንድ ዓመትም ሁለትም ሁኚ።"

ሾርባሽን ጨረስሽ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስበሽ፣ ጠርዛቸውን አስተካክለሽ መለስሽልኝ።

"ዋንጄን፣ ተዪው።"

"ለምን?"

"አልፈልግማ።"

"እኔን ልትቀጪኝ ነው?"

"አንቺን ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀጣሽ። ፍላጎቱ ዝም ብሎ ጠፋ። የዚያን ሰሞን እጠብቀው ነበር፣ ይመለሳል ብዬ። አልተመለሰም። አሁን ከሥራ ስወጣ የምፈልገው ጫማዬን አውልቄ መተኛት ነው። ደህና ነኝ እኮ፤ እንዲህ አትዪኝ።"

ፊትሽ ላይ ቁጣ ፈለግኩ። ቢኖር ኖሮ የማደርገው ነገር አይጠፋኝም ነበር፤ እለምንሽ ነበር፣ እግርሽ ላይ እወድቅ ነበር። ግን አልነበረም። ያን ያህል ዓመት ስትፈልጊው የኖርሽው ነገር ከላይሽ ላይ ወልቋል፤ አንቺ ራስሽ መቼ እንደወለቀ አታውቂውም።

ከዚያ ነው የጠየቅሽኝ።

"አንድ ነገር ንገሪኝ። እዚያ የቀረሽው... ሰው ነበረሽ?"

"አዎ" አልኩሽ።

"ማነው ስሙ?"

"ማርክ።"

"ጥሩ ሰው ነበር?"

"ነበር።"

አንገትሽን ነቀነቅሽ። "እንኳን። ቢያንስ ለሆነ ነገር ነው" አልሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊትሽ ትንሽ ፈታ አለ። የኑድሉን አንቺ ከፈልሽና እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘሽኝ።

ማርክ የሚባል ሰው የለም፣ እትዬ።

ማርክ በሙዝ ካርቶኑ ላይ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ስም ነው፤ ስድሳ ዓመቱ ነው፣ "እንደምን አደርሽ" ብሎኝ እንኳ አያውቅም። የመጣልኝ የመጀመሪያ ስም ስለሆነ አልኩሽ። ወንድ አልነበረኝም። ማንም አልነበረኝም። ለፍቅር ብዬ ብቀር ኖሮ ለራሴም የምለው ነገር ባገኘሁ።

ልንገርሽ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት የአባዬን ክፍል ነው። ሽታውን፣ ፎጣዎቹን፣ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ክፍት ሆኖ ማንም ሳያየው የሚቀመጥበትን ሰዓት። እና በልቤ እንዲህ አልኩ፤ ቃሉን እንዳለ ነው የምጽፍልሽ፤ "እሷ እኮ ለምዳዋለች።" እሷ ታውቅበታለች፣ እሷ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፣ እሷ መጠበቅ ታውቃለች። አንቺ ራስሽ የነገርሽኝን ይዤ ነው የፈረድኩብሽ። አውቶብሱ ከመምጣቱ በፊት ወስኜ ነበር። ሻንጣውን ይዤ የወጣሁት ለራሴ ሞከርኩ ለማለት ይመስለኛል።

እና ለምንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ የቀሩት አምስት ወራት እንኳ እንደ በፊቱ አልሆኑልኝም። ፏፏቴው ሥር ስሄድ ውሃው ይቀዘቅዘኝ ጀመር። ያንቺን ዓመት ወስጄ ተደስቼበት ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ወስጄ ጣልኩት።

ይህን ባልነግርሽ ይሻል ነበር ትዪ ይሆናል። እኔም ልተወው ነበር። ግን በጨረቃ አዲስ ዓመት የጻፍሽልኝን አየሁ። ስንት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትጽፊልኝ ቆይተሽ፣ "ማርክ አልጻፈልሽም?" አልሽኝ። "አልጻፈም" ስልሽ፣ "አይዞሽ፣ ወንዶች እንደዚያ ናቸው፣ ብዙ አታስቢ" አልሽ። አንጀትሽ ለእኔ ራርቶ። በሌለ ሰው። ከዚያም መጋቢት ላይ እንደገና ጠየቅሽኝ። ያ መልእክት ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር ምን እንደምሆን ልነግርሽ አልችልም። ጥላቻሽን እችለዋለሁ። ያንን ግን ካንቺ መቀበል አልችልም።

ስለዚህ ለእኔ ማዘንሽን አቁሚ። የጠፋው ለምንም እንዳልነበረ እወቂ። የሚያጽናናሽ አይደለም፤ ግን የራስሽ ነው፤ ሌላ ነገር የምሰጥሽ የለኝም።

አሁን ስለ አባዬ።

ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ መዋጥ አቅቶታል። ያወፈርኩትን ውሃም ይመልሰዋል። ጂያዪ ሆስፒታል ወስጄው በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፤ በደህናው እጁ ነቀለው። እንደገና አስገቡት፣ እንደገና ነቀለው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ኮሪደር ላይ አውጥታ፣ "አባትሽ ቱቦው እንዲቀር የፈለጉ ይመስለኛል፤ ወደ ቤት ውሰጃቸው። ሳምንታት ነው፣ ብዙ አይሆንም" አለችኝ። አሁን መስኮቱ ሥር አልጋው ላይ ነው። ሕመም የለውም፤ መድኃኒቱ ይዞታል። ከንፈሩን በጥጥ አርስለታለሁ።

አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። "ዩንሩ" ይላል። አጠገቡ ስቆም፣ ስሄድም፣ ዓይኑን ጨፍኖም። መጀመሪያ አካባቢ "ዋንጄን ነኝ አባዬ" እለው ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። "አቤት" እለዋለሁ። እጁን ስይዘው ዝም ይላል። ስምሽንም የወሰድኩብሽ እንዳይመስልሽ፤ እሱ የሚጠራው አንቺን እንደሆነ አውቃለሁ።

ነይ ብዬ አልለምንሽም። ለመለመን የሚያበቃ ፊት የለኝም። ከመጣሽ እኔ አክስት ጂንቺ ቤት አድራለሁ፤ ክፍሉ ያንቺና የሱ ይሆናል፤ እስክትሄጂ አላይሽም፤ ካልጠራሽኝ አልመጣም። ካልመጣሽም ማንም አይወቅስሽም። አጎቶቻችንና የሰፈሩ ሰው ለቀብር ሲሰበሰቡ "ትልቋ የት አለች?" ማለታቸው አይቀርም። እኔ "ደብዳቤ ጽፌላት ነበር፤ አድራሻ ቀይራ ኖሯል፣ አልደረሳትም" እላቸዋለሁ። አክስት ጂንቺም ብትሆን ፖስታ ቤት አደረሰች እንጂ መድረሱን አታውቅም። ቀጥ ብዬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምነግራቸው። ስዋሽ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ይታመናል። ይሄኛውን ላንቺ እዋሽልሻለሁ፣ ዕድሜ ልኬንም አልቀይረውም።

ደብዳቤውን ቅደጂው ወይም አስቀምጪው። መልስ አልጠብቅም።

ታናሽ እህትሽ
ዋንጄን
ዶንግሺ